ከጁኽ ጨርቅ የገና ስጦታ እንዴት እንሥራ?

ኅዳር 15 ገብቶ ጾመ ነቢያትን ጀምረናል። እስከ ልደት ድረስ ዛሬን ጨምሮ 6 እሑዶች አሉን። ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፤ በየ4 ዓመቱ በዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ግን 28 ቀን ይውላል።

እህቴ፣ በዚህ ሰሞን ሁላችንንም የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለገና ለቤተሰብ ምን ልላክ?» የሚለው። አንዷ ገንዘብ ትበደራለች፣ አንዷ ማዳምን የወር ደመወዝ በቅድሚያ ትለምናለች። በዓሉ ያልፍና ዕዳው እስከ ፋሲካ ይከተላታል። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው እንደመጡ ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ አንብበናል። እረኞቹ ግን ሉቃስ ምዕራፍ 2 ላይ እንደምናየው ከመንጋቸው ተነሥተው ባዶ እጃቸውን ሄዱ፤ ማንም አልመለሳቸውም። ጌታ መጀመሪያ የለበሰውም እናቱ የጠቀለለችበትን ጨርቅ ነው። ስለዚህ በጨርቅ፣ በመርፌና በክር የሚሠራ ስጦታ ለዚህ በዓል ያንሳል ብለሽ አትፈሪ። ዛሬ የምጽፍልሽ ይኼንኑ ነው፦ ከጁኽ ጨርቅ በእጅ ምን መሥራት እንደሚቻል፣ በሰው ቤት እየኖርን ያለ ጭቅጭቅ እንዴት እንደምንሠራው፣ ከዚያም እንዴት እንደምንልከው።

ጁኽ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?

እዚህ ቤሩት ዱካን ገብተሽ «ጁኽ» ብትዪ ያውቁታል፤ ፌልት ብትዪም ይገባቸዋል። ሌላው ጨርቅ ክር በክር ተሸምኖ ነው የሚሠራው። የመንዝ ባናና ዝተት እንኳ ከበግ ፀጉር ቢሆኑም ተፈትለው የተሸመኑ ናቸው። ጁኽ ግን አይፈተልም፣ አይሸመንም። የበግ ፀጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት የመሰለ ነገር አለው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይሆናል። የሱፍ ሹራብ በስሕተት ሙቅ ውሃ ላይ በማሽን ከታጠበ ተኮማትሮ የሕፃን ልብስ አክሎ ይወጣል አይደል? ያ ሹራብ ጁኽ ሆኗል ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ በርካሽ የምናገኘው አብዛኛው ከፖሊስተር የተሠራ ነው። ለእኛ ሥራ እሱም ይበቃል። የሁለቱም ትልቁ ጥቅማቸው አንድ ነው፤ በመቀስ ሲቆረጡ ጠርዛቸው አይተረተርም። ጠርዝ ማጠፍ የለም፣ የስፌት መኪናም አያስፈልግም። አልጋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ የምትጨርሺው ሥራ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ጁኽ በቁራጭ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለእጅ ስፌት ይመቻል። ከእሱ ሌላ የጥልፍ ክር፣ መርፌ፣ ትንሽ ስለት ያለው መቀስና የሚሞላ ጥጥ ብቻ ነው። የጥልፍ ክር ከ6 ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለሆነ ፍቺውና በ2 ወይም በ3 ክር ስፊ፤ አንዱ ጥቅል ብዙ ይሠራልሻል። ለመሙያ ከአሮጌ ትራስ የወጣ ጥጥም ይሆናል። ሩዝና ምስር ግን አትሙዪ፤ ይነቅዛል፣ ይከብዳልም።

እሑድ ዶራና ቡርጅ ሐሙድ የምትወርዱ እዚያ አካባቢ ያሉትን የጨርቅና የክር ሱቆች ጠይቁ። የእኛ ገና ዘግይቶ መምጣቱም ጥቅም አለው። የፈረንጆቹ ታኅሣሥ 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሱቅ የበዓል ዕቃ ዋጋ ይቀንሳል። የቡርጅ ሐሙድ አርመኖች ደግሞ ልደትን ጃንዋሪ 6፣ ከእኛ አንድ ቀን ቀድመው ስለሚያከብሩ ዕቃው እስከዚያ ከሱቅ አይጠፋም።

አንድ ስፌት ይበቃሻል

የብርድ ልብስ ጠርዝ የሚሰፋበትን ስፌት ከቻልሽ ሁሉንም ትሠሪያለሽ። ሁለቱን ጨርቆች ደርበሽ ያዢ። መርፌውን ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ ከፊት ወደ ኋላ ውጊ። ክሩን ሙሉ በሙሉ ሳትስቢ ትንሽ ቀለበት ተዪ፤ መርፌውን በዚያ ቀለበት ውስጥ አሳልፈሽ ሳቢ። ክሩ ጠርዙ ላይ ይተኛል። ከዚያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብለሽ ድገሚ። በጣም አትሳቢ፣ ጨርቁ ይጨማደዳል። መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ተለማመጂ።

1. ኮከብ

የሻይ ወይም የብስኩት ካርቶን ላይ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮከብ ሥዪና ቁረጪ። ካርቶኑን ጁኹ ላይ አስቀምጠሽ በደረቅ ሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አስምሪ፤ ጨርቁ ነጭ ከሆነ በእርሳስ ይሁን። ለአንድ ኮከብ ሁለት ቁራጭ ትቆርጫለሽ። ከአንድ 20 በ30 ጨርቅ 3 ኮከብ ይወጣል። ኮከቡን 6 ሳንቲ ሜትር ካደረግሽው ግን 7 ይወጣል። ስትቆርጪ መቀሱን ሳይሆን ጨርቁን አዙሪ፤ ጫፉ ያምራል።

ጥልፍ የምታደርጊ ከሆነ ሁለቱን ከማጋጠምሽ በፊት የፊተኛው ላይ ጥለፊ፤ ትንሽ መስቀል ወይም የሰውየው ስም የመጀመሪያ ፊደል ይበቃል። ከዚያ 15 ሳንቲ ሜትር ክር አጥፈሽ ላይኛው ጫፍ ላይ በሁለቱ መካከል አስገቢ፤ መስቀያው እሱ ነው። ዙሪያውን ሰፍተሽ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዪ። ጥጡን በእርሳስ ጀርባ እየገፋሽ መጀመሪያ ጫፎቹን፣ ከዚያ መሐሉን ሙዪ። በመጨረሻ ክፍቱን ዝጊ። ሲለመድ አንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

2. የገና ዱላና ሩር

ይኼ ለታናሽ ወንድም ወይም ለልጅሽ ነው። ቡናማ ጁኽ ላይ ጫፉ የተቆለመመ 12 ሳንቲ ሜትር ዱላ ሁለት ቆርጠሽ ደርበሽ ስፊ፤ መሙላት አያስፈልገውም። ለሩሩ 3 ሳንቲ ሜትር ክብ ሁለት ቆርጠሽ ጥቂት ጥጥ ሙዪበት። ሁለቱን በክር አንድ ላይ እሰሪ። እረኞች የልደቱን ዜና ሰምተው በደስታ ተጫወቱት የሚባለው ጨዋታ ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አሽከሩን እንደማይቆጣ ሁላችንም እየሰማን አድገናል፤ እዚህ ላለነው ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይገባናል።

3. ለጸሎት መጽሐፍ ማኅደር

አባቶቻችን ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር ይዘው ይዞራሉ። የእኛም ትንሿ ውዳሴ ማርያም ቦርሳ ውስጥ ቁልፍና ሊፕስቲክ እየታከካት ከምትቀደድ በጁኽ እናልብሳት። መጽሐፏ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 7 ስፋትና 1 ውፍረት ካላት 10 በ27 የሆነ አንድ ቁራጭ ቁረጪ። ከታች በኩል 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ላይ እጠፊ፤ ሁለቱን ጎን ስፊ። ከላይ የተረፈው 6 ሳንቲ ሜትር ክዳኗ ይሆናል። ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ፣ ሆዱ ላይ ቁልፍ አድርጊ። ከአንድ ጨርቅ ሁለት ማኅደር ይወጣል። መጽሐፍሽ ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ በጋዜጣ ቆርጠሽ ለኪ።

የገና ዛፍ የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። ዛፉ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አይደለም፤ ኮከቡ ቦርሳ ላይ፣ በር ላይ፣ መጋረጃ ላይ ይንጠለጠላል። ከጧፍና ከሻማ ግን አርቂው፤ ፖሊስተር ይቀልጣል፣ እሳትም ይይዛል። ካውያም በላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ሳይደረግ አይነካውም። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ይታጠባል።

በሰው ቤት ስትሠሪ

እህቴ፣ ይህን ክፍል ከስፌቱ በላይ አስተውለሽ አንብቢው። ውጪ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ይቀልላችኋል፤ ኮንትራት ቤት ያለነው ግን መጠንቀቅ አለብን።

ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ጨርቁንና ክሩን ለማዳም አሳዪያት። «ይኼን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፣ ለእናቴ ስጦታ ልሠራበት ነው» በያት። የገዛሽበትን ደረሰኝ ከጨርቁ ጋር አስቀምጪ። ሳትናገሪ ክፍልሽ ውስጥ አዲስ ዕቃ ከተገኘ «ከየት አመጣሽው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ያ ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።

የተጣለ ሹራብ፣ የተቀደደ ትራስ፣ የወዳደቀ ቁልፍ ቢሆን እንኳ ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አታውጪ፤ ጠይቂ። «ውሰጂው» ካለችሽ እሷ እያየች ውሰጂ። ለእኛ የማይረባ የመሰለን ነገር ለባለቤቱ ትዝታ ሊሆን ይችላል።

መርፌ ቁጠሪ። ሁለት አውጥተሽ ከሆነ ሁለት መልሺ። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ አንድ የጠፋ መርፌ ትልቅ መዘዝ ነው። ክዳን ያለው የከረሜላ ቆርቆሮ ለመርፌና ለመቀስ ጥሩ ነው።

እንቅልፍሽን አትሽጪ። ማታ 20 ደቂቃ ይበቃል። በበዓል ሰሞን የዓረቦቹ ቤት ሥራና እንግዳ እንደሚበዛ ታውቂያለሽ፤ ሰውነትሽም ዕረፍት ይፈልጋል።

መሸጥን በተመለከተ፦ ሲያምርልሽ «ለምን አልሸጥም?» ትያለሽ። በካፋላ ሥርዓት ኢቃማሽ በአንድ አሠሪ ስም የታሰረ ነው፤ ከዚያ ውጪ መንገድ ላይ ስትሸጪ ብትያዢ አደጋው ካንቺ አልፎ ለቤተሰብሽ ይተርፋል። ስለዚህ በስጦታነት ይቅር።

ወደ ሀገር ቤት ስንልክ

የጁኽ ሥራ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፤ ወደ ሀገር የምትገባ እህት 10 ኮከብ ብትይዝ ሻንጣዋ አይከብድም። ግን ራስሽን በእሷ ቦታ አድርጊ። ተሞልቶ ድብን ተደርጎ የተሰፋ ነገር ይዛ አየር ማረፊያ ብትጠየቅ ምን ትላለች? በሌላ ሰው ዕቃ የተነሣ እስር ቤት የገቡ እህቶች እንዳሉ ስንሰማ ኖረናል። ስለዚህ የሚላከውን አትሙዪው። ኮከቡን ዙሪያውን ስፊና 3 ሳንቲ ሜትሩን ክፍት ተዪው፤ የተረፈውን ክር አትቁረጪ፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ይሂድ። ጠፍጣፋ ሆኖ በግልጽ ላስቲክ ውስጥ ይገባል፤ ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል።

ከዚያ እናትሽ ጋ ደውለሽ ንገሪያት። መርፌ ታወጣለች፣ ከቤት ጥጥ ባዝታ ትሞላዋለች፣ አንቺ በጀመርሽው ክር ትዘጋዋለች። ግማሹ ያንቺ እጅ፣ ግማሹ የእሷ ይሆናል። በስንት ዓመት አንድ ነገር አብራችሁ ሠራችሁ ማለት ነው።

እሑድ የማትወጣ እህታችን

በየሕንፃው ዕረፍት የሌላት፣ በረንዳ ላይ ብቻ የምናያት እህት አለች። ከምትሠሩት አንዱ ለእሷ ይሁን። ማኅደሩ ወይም ኮከቡ በአሠሪዎቻችን ፊት በግልጽ የሚሰጥ ይሁን፤ ለምሳሌ ማዳሞቹ የሚተዋወቁ ከሆነ በእነሱ በኩል። ውስጡ ወረቀት አትደብቂ፤ ተከፍቶ ቢታይ እሷን የሚያስወቅሳት ምንም ነገር አይኑርበት። ስሟን የማታውቂ ከሆነ መስቀል ብቻ ጥለፊበት። ልደት መሆኑን፣ እንዳልተረሳችም ታውቃለች።

የ6ቱ እሑዶች ፕሮግራም

1ኛ እሑድ (ዛሬ)፦ ካርቶን እንቆርጣለን፣ ጁኽ በጋራ ለመግዛት እንመዘገባለን። ሦስት ሆነን ሦስት ቀለም ገዝተን ብንካፈል ይረክሳል።
2ኛ፦ ስፌቱን እንለማመዳለን። የምትችል ለማትችል ታሳይ።
3ኛና 4ኛ፦ ወደ ሀገር የሚላከውን እንጨርሳለን።
5ኛ፦ ማኅደር እንሠራለን፤ መጽሐፍሽን ይዘሽ ነይ።
6ኛ፦ ለማይወጡት እህቶች የተሠራውን እንሰበስባለን።

ለውይይት

1. ለገና ገንዘብ መላክ ያልቻልሽበት ዓመት አለ? ለቤተሰብሽ እንዴት ነገርሻቸው?
2. በምትኖሪበት ሕንፃ ውስጥ እሑድ የማትወጣ እህት አለች? ስጦታው ያለ ችግር እንዲደርሳት ምን መንገድ አለ?

በሚቀጥለው እሑድ መርፌና መቀስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁም ኑ፤ ተዋውሰን እንሠራለን። ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን። አሜን።