ሎሚ ይጨመቅ ወይስ ጠርሙስ ይከፈት? የማርጋሪታ ሂሳብ

ቤቱ ማርጋሪታ የሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም፦ አረንጓዴ ሎሚ ቆርጦ ይጭመቅ ወይስ ከሱፐርማርኬት የመጣውን የታሸገ ጭማቂ ይክፈት? ጠርሙሱን የሚመርጡት "ይረክሳል፣ ቶሎ አይበላሽም" ይላሉ። አለመበላሸቱ እውነት ነው። መርከሱን ግን እስቲ በሂሳብ እንየው።

የዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር ልኬት 50 ሚሊ ሊትር ተኪላ፣ 20 የብርቱካን ሊከር እና 15 የሎሚ ጭማቂ ነው። ማርጋሪታ በብዛት በሚጠጣበት አሜሪካ 750 ሚሊ ሊትር ተኪላ 30 ዶላር ነው እንበል። 15 ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ለአንዱ 2 ዶላር መሆኑ ነው። 50 ሳንቲም የተገዛ ሎሚ ለሁለት ብርጭቆ ቢበቃ ደግሞ የሎሚው ድርሻ 25 ሳንቲም። ሊከሩን ገና አልቆጠርነውም! ጠርሙሱ የሎሚውን ወጪ በግማሽ ቢቀንስላችሁ እንኳ የተረፋችሁ 12 ሳንቲም ገደማ ነው። ለ12 ሳንቲም ብሎ የ2 ዶላር ተኪላ ማበላሸት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

"ሎሚ ሲወደድስ?" ካላችሁ፣ በፈረንጆቹ 2014 ተሞክሯል። አሜሪካ አረንጓዴ ሎሚዋን ከሞላ ጎደል የምታስገባው ከሜክሲኮ ነው። በቬራክሩዝ ከባድ ዝናብ ጣለ፣ የዛፍ በሽታ ተዛመተ፤ በሚቾአካን ደግሞ የወንጀል ቡድኖች ገበሬውን "ግብር" እያሉ ይበዘብዙት ነበር። 25 ዶላር ገደማ የነበረው 18 ኪሎ ካርቶን ከ100 ዶላር አለፈ። አላስካ ኤርላይንስ በበረራ ላይ ሎሚ ማቅረቡን ለጊዜው ተወ። በካርቶኑ 200 ያህል ፍሬ አለ ብንል ጭማሪው ለአንድ ብርጭቆ 20 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በቀን መቶዎች ለሚሸጥ ባር ራስ ምታት ነው፤ ቅዳሜ ማታ አራት ብርጭቆ ለሚሠራ ሰው ግን ምንም ማለት አይደለም።

ጠርሙሱ የሚያጎድለው ኮምጣጣነቱን አይደለም፤ አሲዱ ይቆያል። የሚጠፋው ሽታው ነው። ያ አፍንጫ የሚነካው የሎሚ መዓዛ በአብዛኛው ከልጣጩ ዘይት የሚመጣ፣ ቶሎ የሚተን ነገር ነው። ማፍላትና መደርደሪያ ላይ መክረም ያጠፉታል፤ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ኬሚካልም የራሱን ጣዕም ያመጣል። ለጠርሙሱም ፍትሕ እናድርግና፣ ቤት ውስጥ ቲማቲም ለማሸግ ከትኩሱ እሱ ይመረጣል፤ የአሲዱ መጠን አይለዋወጥማ።

እኛ ጋ ሂሳቡ ይበልጥ ያጋድላል። ተኪላው ከውጭ የሚገባ፣ ሎሚው ከጉሊት። የእኛ ትንሿ ባለ ፍሬ ሎሚ ደግሞ ሜክሲኮዎች ራሳቸው በየቤቱ የሚጠቀሙባት ዓይነት ናት። ጭማቂዋ ትንሽ ስለሆነ ለአንድ ብርጭቆ አንድ ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሼከር ከሌላችሁ ክዳኑ የሚገጥም የማር ብልቃጥ ይበቃል፦ በበረዶ ሙሉት፣ እጃችሁ እስኪቀዘቅዝ በጥብጡ። (ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አልኮል መሸጥ በሕግ ክልክል ነውና እናንተ በስኳርና በአምቦ ውሃ ሞክሩት። እውነቱን ለመናገር እሱም አያሳፍርም።)

የሚጨመቀው በዚያው ቀን ይሁን። የተረፈውን በበረዶ መሥሪያ አድርጋችሁ ፍሪዘር ክተቱት፤ ከታሸገው ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ግቢ ፀሐይ ላይ የምትጨምቁ ከሆነ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ሊቃጠል ይችላል።