ያኔ የሣልነውን ዛሬ ስንሥለው

አዳማ ያደገ ሰው በልጅነቱ ደብተሩ ላይ የፈረስ ጋሪ ሳይሥል አይቀርም። እንዲህ ያለ ሥዕል እቤት ካለ አይጣል። መጀመሪያ አሮጌውን ገልብጠው ያስቀምጡና ያንኑ ጋሪ ቆሞ እያዩት ይሣሉት፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ያድርጓቸው።

ቀድሞ ዓይን የሚገባው የመስመሩ ጥራት ነው፤ እሱ ብዙ አይነግረንም፤ እጅ በልምድ ይፍታታል። ጎማውን ይመልከቱ። ልጅ ጋሪውን ከየትም አቅጣጫ ይየው፣ ጎማውን ክብ አድርጎ ይሥለዋል፤ ጎማ ክብ መሆኑን ያውቃላ! ጋሪው ሰያፍ ሲቆም ግን የሚታየው ሞላላ ነው። የፈረሱ እግሮችም አራት መሆናቸው ስለሚታወቅ አራቱም እኩል ይደረደራሉ፤ የኋለኞቹ አተጣጠፍ ይረሳል። በአዲሱ ሥዕል ጎማው ከሞለለ፣ እግሩም ከታጠፈ፣ ሠዓሊው የሚያየውን መሣል ጀምሯል። እኔ እድገት የምለው ይህን ነው።

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይም እንዲሁ የቀድሞ ሥዕሉን ደግሞ ሥሎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1805 ገደማ፣ በአርባዎቹ ዕድሜው፣ ጀልባዎች ላይ የሚያንዣብብ ማዕበል ሥሎ ነበር። ውሃው ድፍንና ከባድ ነው። በ1831 ገደማ፣ ሰባ ዓመት ሲሞላው፣ ወደዚያው ማዕበል ተመለሰ። አሁን ዓለም የሚያውቀው ሥዕል ተወለደ፦ የአረፋው ጠርዝ ተሰነጣጥቆ፣ የፉጂ ተራራ በርቀት አንሶ።

ንጽጽሩ እንዲታመን ወረቀቱም እርሳሱም የያኔው ዓይነት ይሁን። የቢሾፍቱው ሠዓሊ ለማ ጉያ የታወቁት በፍየል ቆዳ ላይ በሣሏቸው ሥዕሎች ነው፤ የደብተር ሥዕልዎን ዛሬ ቆዳ ላይ ቢደግሙት ግን ለውጡ የእጅዎ ይሁን የቆዳው መለየት ያዳግታል።

መልክዓ ምድር ሲሆን ደግሞ ቦታውም አይጠብቅም። ከአዳማ ወጣ ብለው ያሉት ኮረብቶች ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቆመዋል፤ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102። የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። የአብጃታ ሐይቅ ውሃ በአንጻሩ ሸሽቷል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቦታ ሁለት አዲስ ሥዕል ያስፈልጋል፦ አንዱ ከያኔው ዘመን ፎቶግራፍ የሚሣል፣ የእጅና የዓይንን ለውጥ የሚያሳይ፤ ሌላው እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ የሚሣል፣ የቦታውን ለውጥ የሚመዘግብ። በሁለቱም ጀርባ ቀኑንና የቆሙበትን ስፍራ ይጻፉ።