ብረቱ የሚይዘው አጥንት ሲያጣ

በአጥንት ቀዶ ሕክምና የገባ ብረት ራሱ ተሰብሮ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። በአረጋውያን ላይ ችግሩ የሚመጣው በአብዛኛው ከሌላ በኩል ነው፤ ብረቱ እንዳለ ሆኖ አጥንቱ ይለቀዋል። ምንጣፍ ጠልፏቸው በጎናቸው የወደቁ የሰባ አምስት ዓመት እናት ሆስፒታል ሲደርሱ ቤተሰብ የሚጠይቀው "ብረት ይገባላቸዋል ወይ?" ብሎ ነው። ይገባላቸዋል። ሐኪሙ ግን ራጁን እያየ የሚያስበው ብረቱ ምን ይዞ እንደሚቆም ነው።

የአጥንት የውጭው ቅርፊት ጥቅጥቅ ያለ ነው። ውስጡ ግን፣ በተለይ ወደ መገጣጠሚያ በሚጠጋው ጫፉ፣ እንደ እንጀራ በዓይን የተሞላ ነው፤ ክብደት የሚሸከሙት በዓይኖቹ መካከል ያሉት ስስ ግድግዳዎች ናቸው። አሮጌውን አጥንት የሚበሉና አዲሱን የሚሠሩ ሴሎች ዕድሜ ልክ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ የሚበሉት ይበረታሉ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰውም ዕድሜው ሳይገፋ እዚያው ሊደርስ ይችላል። ግድግዳዎቹ ይሳሳሉ፣ አንዳንዶቹ ይበጠሳሉ፣ ዓይኖቹ እየሰፉ እርስ በርስ ይገናኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መለኪያ መሠረት በማሽን የተለካው የአጥንት ጥግግት ውጤት -2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን "የአጥንት መሳሳት" ይባላል። ማሽኑ በሌለበት ከተማም ቢሆን፣ ካንሰርና መሰል ምክንያቶች ከተጣሩ በኋላ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከቆመበት ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ስብራቱ ራሱ የመሳሳቱ በቂ ማስረጃ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ መሳሳቱን በእጁ ጭምር ያውቀዋል። በጤናማ አጥንት ውስጥ ብሎን ሲገባ እየጠበቀ፣ እየከበደ ይሄዳል። በሳሳ አጥንት ግን ትንሽ ይዞ ወዲያው ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ቢያሽከረክሩት ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። ጠበቀ ተብሎ ቢወጣ እንኳ በሽተኛዋ መራመድ ሲጀምሩ የሰውነታቸው ክብደት በየእርምጃው ብሎኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። የብሎኑ ጫፍ ስሱን አጥንት እየሰነጠቀ ሄዶ ከጭን አጥንት ራስ ወጥቶ መገጣጠሚያው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ ማለት ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

አጥንት ስለማጠናከር ሲወራ ሰው ሁሉ አጥንቱ ውስጥ ወደሚሞላው ሲሚንቶ ይሮጣል። እኔ ግን ተጨማሪ ዋጋ የማይጠይቀውን ማስቀደም እመርጣለሁ፤ የብሎኑን ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1995 ባውምጋርትነር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ልኬት አቀረቡ። ከፊትና ከጎን በተነሡ ሁለት ራጆች ላይ ከብሎኑ ጫፍ እስከ ጭን አጥንት ራስ ጫፍ ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ ሁለቱን ይደምራሉ። በጥናታቸው ድምሩ 25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነባቸው ብሎኖች አንዱም አጥንቱን ሰንጥቆ አልወጣም። በመጥፎ ቦታ የተቀመጠን ብሎን ሲሚንቶ ያድነዋል ብሎ መመካት አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው የብረቱ አሠራር ነው። የድሮው ፕሌት (ስብራቱ ላይ በብሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) የሚቆመው ብሎኖቹ አጥንቱ ላይ አጥብቀው ሲጫኑት ነው፤ አጥንቱ ከላላ ሁሉም ይላላል፣ ብሎኖቹም አንድ በአንድ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው የሚቆለፍ ፕሌት ግን የብሎኑ ራስ ጥርስ አለው፤ በፕሌቱ ቀዳዳ ውስጥ ይጠመዘዛል። ብሎኖቹና ፕሌቱ አንድ አካል ስለሚሆኑ አንዱ ብቻውን ሊወጣ አይችልም። ለዳሌ ስብራት ደግሞ በብሎን ፋንታ ጠመዝማዛ ምላጭ የሚገባበት ዘንግ አለ። ምላጩ በመዶሻ እየተመታ ስለሚገባ ያለችውን ጥቂት አጥንት ቦርቡሮ አያወጣትም፤ ዙሪያውን ይጠቀጥቃታል።

ይህም በቂ በማይሆንበት ጊዜ ነው ሲሚንቶው የሚመጣው። ከቤት መሥሪያው ሲሚንቶ ጋር ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም፤ ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት የተባለ ፕላስቲክ ነው። ጥርስ ሐኪሞች ለሰው ሠራሽ ጥርስ ሲጠቀሙበት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ሰው ሠራሽ ዳሌን በአጥንት ውስጥ ለማቆም ተጠቀመበት። በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ዱቄትና ፈሳሽ ይዋሃዳሉ፤ ኃይለኛ ሽታ ይወጣል፤ ሰዓት ይያዛል። ውሁዱ መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይደርቃልና ያዘገየ ሐኪም መርፌው ውስጥ ደርቆ ይቀርበታል። ምላጩ ወይም ብሎኑ ውስጡ ክፍት፣ ጫፉም በቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው፤ ሲሚንቶው በዚያ በኩል አልፎ በብረቱ ጫፍ ዙሪያ ባሉት ክፍት ዓይኖች ውስጥ ይሰርጋል። መጠኑ ለዳሌ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሊትር፣ የአንድ ሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ማብዛት አይቻልም፤ ሲሚንቶው ሲደርቅ ይግላል፣ አጥንት ደግሞ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለአንድ ደቂቃ ከቆየበት ይጎዳል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ሲሚንቶው ስብራቱን የሚያጣብቅ ሙጫ እየመሰለው ነው። እንዲያውም ስብራቱ መስመር ውስጥ ከገባ ሁለቱ አጥንቶች እንዳይገናኙ መሐላቸው ይገባል። ሥራው ብረቱን መያዝ ብቻ ነው፤ ስብራቱን የሚያገጥመው አጥንቱ ራሱ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ መፍሰስም የለበትም፤ ስለዚህ ቀድሞ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ተረጭቶ መንገዱ ይፈተሻል። ወደ ደም ሥር ከገባ ሳንባ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ኢንፌክሽን ካለ ጨርሶ አይደረግም። ጥቅሙስ? በአውሮፓ የተለያዩ ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ሲሚንቶ የተደረገላቸውና ያልተደረገላቸው ሕሙማን በአረማመድ አልተበላለጡም፤ ብረቱ ለቆ እንደገና የተከፈቱት ግን ካልተደረገላቸው ወገን ነበሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው ለሁሉም የሚታዘዝ ሳይሆን አጥንቱ በጣም ለሳሳ ሰው የሚጠበቅ መሣሪያ መሆኑን ነው።

ከካልሲየም ፎስፌት የሚሠራ ሌላ ሲሚንቶም አለ። አይግልም፣ ሰውነትም ቀስ በቀስ በራሱ አጥንት ይተካዋል፤ ግን ተሰባሪ ነው። የተፈጠረን ባዶ ቦታ ለመሙላት ይሆናል፣ ብሎን በመያዝ ግን አይታመንም።

በአከርካሪ ላይ ታሪኩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይዋ አሚየን ከተማ ሲሚንቶ በመርፌ ወደ አከርካሪ አጥንት ተሰጠ፤ ዘዴውም በየሀገሩ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ሁለት ጥናቶች በአንድ የሕክምና መጽሔት ወጡ፤ ሲሚንቶ የተሰጣቸውና የማስመሰል ሂደት ብቻ የተደረገላቸው ሰዎች ሕመማቸው የቀነሰው በተቀራራቢ መጠን ነበር። ክርክሩ አልተዘጋም። ለኛ አንባቢ ከዚህ ይልቅ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የአከርካሪ አጥንት ሲደቅ ምክንያቱ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ይህ ሳይጣራ የመሳሳት ስብራት ነው ብሎ ሲሚንቶ መስጠት አደገኛ ነው።

አንዳንዴ ብልኅነቱ አጥንቱን ለመጠገን አለመታገል ነው። የጭን አጥንት አንገት ተሰብሮ ከቦታው ሲንሸራተት ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው የደም ሥር ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፤ ስለዚህ በአረጋውያን ይህ ራስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ይተካል። በብሪታንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት ሰው ሠራሹ ግንድ በሲሚንቶ ሲቆም የሕሙማኑ ኑሮ የተሻለ፣ በዙሪያው የሚደርስ ዳግም ስብራትም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ዘዴው የትኛውም ይሁን፣ ጊዜ ያስፈልገዋል። "ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ቢላ አይችሉም" እየተባለ፣ ወይም በወጌሻ እየታሹ አልጋ ላይ የሚያልፈው ሳምንት የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምችና የደም መርጋት ይዞ ይመጣል። በብዙ ሀገር የሚታለመው በአንድ ቀን ተኩል ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምናው እንዲደረግ ነው።

አሁን ወደሚረሳው ነገር ልምጣ። ብረትና ሲሚንቶ የሚያጠናክሩት ያንን አንድ ቦታ ነው። ሌላኛው ዳሌ፣ የእጅ አንጓና አከርካሪ እንደሳሱ ናቸው። የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ለዛሬው ብሎን አይደርስም፤ ሥራው ወራት ይወስዳል፤ ሆኖም ዳሌያቸውን የሰበሩ ብዙ ሰዎች ያለ መድኃኒት ወደ ቤታቸው ይሰናበታሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ጀምሮ በዓመት አንዴ 5 ሚሊ ግራም ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር መስጠት አዲስ ስብራትን በ35 በመቶ፣ ሞትን ደግሞ በ28 በመቶ ቀነሰ። የስብራቱን መግጠም ያዘገያል የሚለው ፍርሃት በጥናቱ አልተደገፈም፤ ብዙ ሐኪሞች ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቃሉ። ከመሰጠቱ በፊት ኩላሊት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይታያሉ። የሚዋጠው አሌንድሮኔት ደግሞ በሳምንት አንዴ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይወሰዳል። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት መብላትም መተኛትም አይቻልም፤ አለበለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። ቡናውም ይጠብቃል። አዲስ አጥንት የሚያስገነባው ቴሪፓራታይድ በየቀኑ የሚወጋ ሲሆን ዋጋው ከብዙዎች አቅም በላይ ነው።

ልጆቻቸው ዘንድ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሄደው የሚታከሙ ወላጆች ደግሞ ዴኖሱማብ የተባለ፣ በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት ሊጀመርላቸው ይችላል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን በድንገት ሲቋረጥ የታገደው የአጥንት መበላት በአንዴ ይመለሳል፣ የአከርካሪ አጥንቶችም ተከታትለው ሊደቁ ይችላሉ። እናት ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ከሆነ ቀጣዩ መርፌ ከየት እንደሚገኝ፣ ካልተገኘም በየትኛው መድኃኒት እንደሚተካ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።