የአሶሳ ማንጎና የስልክ መተግበሪያ

እንደሚታወቀው በአሶሳ አካባቢ ማንጎ የሚበስለው ባንድ ወቅት ነው። ፍሬው ከገበያው በልጦ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል፤ አዲስ አበባም ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

በ2015 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ የተጀመረው «ቱ ጉድ ቱ ጎ» የተባለ መተግበሪያ ከምግብ ቤት የተረፈውን በቅናሽ ያሸጣል። የአሶሳው ማንጎ ግን ምግብ ቤት ሳይደርስ ይጠፋል። ስለዚህ ለዚህ አገር መተግበሪያ የሚነድፍ ሰው አስቀድሞ ገበሬውን፣ ነጋዴውንና ሾፌሩን ይጠይቅ፦ ፍሬው መቼ ይደርሳል? ስንት ቀን ይቆያል? ማን ይጭነዋል?

ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ደግሞ ድምፅ ያስፈልጋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የ8028 መስመር ገበሬው በተራ ስልክ ደውሎ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ አስችሏል። የማንጎውም ወሬ በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን በበርታና በጉሙዝ ቋንቋ ይነገር።

እንግዲህ ሥራው ለኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ቋንቋና ጂኦግራፊ የምንማረውም ድርሻችንን እናንሣ።