ማኖቬላ፣ ገመድና ሞተሪኖ

በ1900 ዓ.ም ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ያስነሳትን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የጅቡቲው ባቡር ያን ጊዜ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዋና ከተማዋ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው። መንገድ በሌለበት መኪናዋ በሰው ጉልበት እየተጎተተች መጣች። ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ይህን ብዙዎች ያወሩታል፤ ሳይወራ የሚቀረው ግን መኪናዋ እንዴት ትነሳ እንደነበር ነው። እንደ ዘመኗ መኪኖች ሁሉ ሞተሩን የሚያስነሳ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ማለትም ሞተሪኖ፣ አልነበራትም። አንድ ሰው ከፊቷ ጎንበስ ብሎ ማኖቬላ የሚባለውን የብረት እጀታ ይሰካና ይጠመዝዛል።

የቤንዚን ሞተር ራሱን በራሱ አያስነሳም። አየርና ነዳጅ የሚስበው፣ የሚጨምቀውና በካንዴላው ብልጭታ የሚያቃጥለው መዞር ከጀመረ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሌላ ጉልበት ሊያዞርለት ይገባል። ብልጭታው ጊዜውን ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ማኖቬላውም የያዘውን ክንድ ይሰብራል። አሜሪካዊው መኪና ሠሪ ባይሮን ካርተር እ.ኤ.አ. በ1908 የሞተው የሌላ ሰው መኪና ለማስነሳት ሲረዳ ማኖቬላው መንጋጋውን ስለመታው ነው ተብሎ ይተረካል።

መላውን ያገኘው ቻርለስ ኬተሪንግ ነው። ቀድሞ የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገ መሐንዲስ ነበር። የመኪናን ሞተር የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር የመኪናውን ሞተር ሊያክል ምንም አይቀረው የሚል እምነት በነበረበት ጊዜ፣ እሱ ነገሩን በሌላ በኩል አየው። ሥራው የጥቂት ሰከንድ ነው፤ ትንሽ ሞተር ለዚያች አፍታ ከአቅሙ በላይ ቢሠራ አይቃጠልም። የእሱ ሞተሪኖ የገጠመላቸው ካዲላኮች እ.ኤ.አ. በ1912 ለገበያ ቀረቡ።

የአዲስ አበባዋ ፒያሳ ስሟን ከጣሊያንኛ እንዳገኘች ሁሉ የጋራዣችንም ቋንቋ ከዚያው ነው፦ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን። የሰፈሯ ታክሲም ቀድሞ ጣሊያናዊቷ ፊያት ሰይቼንቶ ነበረች፤ በደርግ ዘመን ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ላዳ ተተካች። ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ግን ለቅዝቃዜያቸው ሲሉ አንድ ነገር ጨመሩባት፤ ሞተሪኖ እያላትም በፊቷ በኩል ማኖቬላ የሚገባበት ቀዳዳ ተዉላት። እዚህ ብዙም አላስፈለገ። ማዘጋጃ ቤቱ ከከፍታው ሆኖ ቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል ሲወርድ፣ ባትሪው የደከመበት ባለ ላዳ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሮ ያቆማታል። ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን እንደረገጠ ያንደረድራትና ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርግ ቁልቁለቱ የሞተሪኖውን ሥራ ይሠራል።

ገመድ የሚጎተትላቸው ሞተሮች ግን ዛሬም አሉ። በ2011 ዓ.ም ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲዳረስ የከተማው ባለ ሱቅ ያወጣው ትንሽ ጄኔሬተር በገመድ ከሚነሱት ወገን ነው፤ ባሕር ዳር ጣና ላይ ከጀልባ ኋላ የሚታሰረው ትንሹ ሞተርም እንዲሁ። ትከሻው የታመመ ባለቤት ታዲያ «ሞተሪኖ ይገጠምልኝ» ይላል።

ይገጠማል። ችግሩ ሞተሪኖውን ብቻ የገዛ ሰው ገና ግማሹንም አለመግዛቱ ነው።

መጀመሪያ ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ፣ ይታይ። የሞተሪኖው ትንሽ ባለ ጥርስ ማርሽ የሚነክሰው በቮላኖው ዙሪያ ያለውን የጥርስ ቀለበት ነው፤ በገመድ የሚነሳው ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ይህ ቀለበት የለውም። ስለዚህ ቮላኖው ራሱ ይቀየራል። የካንዴላውን ብልጭታ የሚያመነጩት ማግኔቶችም እዚያው ላይ ስላሉ፣ የሌላ ሞዴል ቮላኖ ከገባ ብልጭታው ጊዜውን ሊስት ይችላል። ሲወጣ ደግሞ በመዶሻ አይመታም፤ ማግኔቱ ይሰነጠቃል። ማውለቂያ መሣሪያ አለው። ደግነቱ ብዙ ፋብሪካዎች ባለ ገመዱንም ባለ ሞተሪኖውንም ከአንድ ዓይነት ብሎክ ስለሚሠሩ የብሎኑ ቦታ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

ከዚያ ሽቦው አለ። የመኪና የፊት መብራት አንዱ አምፖል የሚወስደው 5 አምፔር ገደማ ሲሆን፣ የመኪና ሞተሪኖ ሲነሳ ከ100 በላይ ይጠጣል። ቀጭንና ረጅም ሽቦ ለተገጠመለት የ12 ቮልቱ ባትሪ መንገድ ላይ 2 ቮልት ቢባክንበት፣ ሞተሪኖው ያቃስታል እንጂ አያዞርም። ሰው ባትሪውን ይሰድባል፤ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ባትሪውን መልሶ የሚሞላ ጥቅልልና ሬክቲፋየር ካልተገጠመም በየጊዜው ተሸክሞ ቻርጅ ማስደረግ ይከተላል። ለጀልባ ሞተር አንድ ነገር ይጨመራል፦ ማርሽ ገብቶ ሳለ ሞተሪኖው እንዳይሠራ የሚከለክል ማብሪያ። ያለ እሱ ጀልባዋ በድንገት ትወረወርና የቆመውን ሰው ውኃ ውስጥ ትጥለዋለች።

ለትንሽ ሞተር ይህ ሁሉ ድካም የሚያዋጣ አይደለም፤ የባትሪው ክብደት ብቻ ጥቅሙን ይበላዋል። ገመዱን ለመጎተት ብዙ ጉልበት ለሚያስፈልገው ትልቅ ሞተር ግን ያዋጣል። የሚያስገጥም ሰው የድሮውን ገመድ አስወልቆ አይጣለው። ባለ ሞተሪኖ የጀልባ ሞተር ከሚሸጡት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ዛሬም ለክፉ ቀን የሚሆን ቁራጭ ገመድ ከሞተሩ ጋር አብረው ያስቀምጣሉ።