የኋላ ጎማው መሥመር የሳተ ሞተር ብስክሌት እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚቃና

በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ዞን ወረዳዎች የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ከሚሰማቸው ቅሬታዎች አንዱ «የሸጡልኝ ካቴና ጊዜው ሳይደርስ አለቀ» የሚለው ነው። ነጋዴው ዕቃው ደካማ መስሎት አስመጪውን ይወቅሳል፤ አስመጪውም በበኩሉ ፋብሪካውን። ነገር ግን የኮሮናው ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ከተገኘ፥ ጥፋቱን በካቴናው ላይ ከመጣል በፊት የኋላው ጎማ ከፊተኛው ጋራ በአንድ መሥመር መሄዱን መመርመር ይገባል።

ጉድለቱ አዘውትሮ የሚታየው በአሮጌዎቹ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት መሥሪያ ቤት አገልግለው በጨረታ የተሸጡት ሞተር ብስክሌቶች ብዙ ጭነት አሳልፈዋል። የሙዙ ጭነት ወደ አንድ ጎን ሲያደላ ወይም የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ከነበረችው ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ላይ አንድ ጊዜ ሲወድቁ፥ የኋላውን ጎማ የያዘው ሹካ በጥቂቱ ይጣመማል።

ጥቂት መባሉ ግን ሊያዘናጋ አይገባም። የሹካው ሁለት እግሮች በ18 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው፥ የፔርኖው አንድ ጫፍ ከሌላው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ቢቀር፥ የጎማው አቅጣጫ 125 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲደርስ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል። እንዲህ ያለው ሞተር ብስክሌት መሪው ሲለቀቅ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ሰው አፈናጦ ቁልቁለት ለሚወርድ አሽከርካሪ ነገሩ የካቴና ዋጋ ብቻ አይደለም።

ለምርመራው ረጅም ሲባጎና አንድ ሜትር ይበቃሉ። አስቀድሞ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቅነቅ፤ ከተላወሰ ኩሽኔታው ወይም የሹካው ቦኮላ አልቋል ማለት ስለ ሆነ፥ እርሱ ሳይለወጥ የሚወሰድ ልክ ሁሉ ከንቱ ነው። ቸርኬው የሚወላገድ ከሆነም ራጂዎቹ ይስተካከሉ። ከዚህ በኋላ መሪው ቀንቶ፥ ሲባጎው በኋላው ጎማ ጀርባ ዞሮ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት ይወጠራል፤ የኋላውን ጎማ የፊት ጠርዝ ለጥቂት እንዲነካ ይደረጋል። በዶርዜ ለሸማኔ የማይነገረው ነገር ለመካኒክ ሊነገር ያስፈልጋል፤ ክሩ ከላላ ልኩ ሐሰት ነው። የፊተኛው ጎማ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ስለ ሆነ በእርሱና በክሩ መካከል ክፍተት ይኖራል። ክፍተቱ በግራና በቀኝ እኩል ከሆነ ሥራው አለቀ።

እኩል ካልሆነ የካቴናው መወጠሪያዎች እየተነኩ ፔርኖው ይስተካከላል። በሹካው ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች ማመን አይገባም፤ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ብዙ ጊዜ ያሳስታሉና። ከሹካው መታጠፊያ መካከል እስከ ፔርኖው መካከል ያለው ርቀት በሁለቱም ወገን ይለካ። ይህ እኩል ሆኖ ሳለ ክሩ አሁንም ከሳተ፥ የተጣመመው ሹካው ራሱ ወይም ቴላዮው ነው። ክፍተቶቹ ትይዩ ሆነው በአንድ ወገን ብቻ ከሰፉ ግን፥ በፔርኖው ላይ የሚገቡት ቀለበቶች ቦታቸውን ተለዋውጠው እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ።

የተጣመመ ሹካ ወልቆ፥ በመታጠፊያውና በፔርኖው ቀዳዳዎች ቀጥ ያሉ ብረቶች ገብተውበት፥ ሁለቱ ብረቶች ከላይም ከኋላም ሲታዩ ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ በክሪክ ቀስ እየተባለ ይቃናል። ብረቱ ጥቂት ስለሚመለስ ከልኩ በትንሹ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በእሳት ማጋል ያደክመዋል፤ የተሰነጠቀውንም በብየዳ ከመለጠፍ መለወጥ ይሻላል።

ስለዚህ ካቴናና ኮሮና ብቻ የሚያስመጣ ነጋዴ ቦኮላ፥ ፔርኖና የካቴና መወጠሪያም አብሮ ቢያመጣ፥ የተመላሽ ዕቃ ክርክር ይቀንስለታል። አሮጌ ሞተር ብስክሌት በጨረታ የሚገዛም ሰው ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ሲባጎውን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ምርመራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።