ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ

የአስም ሕመምተኞች በኪሳቸው የሚይዙት ፓፍ ጀርባው ላይ ትንሽ መስኮት አለችው። አዲስ ሲሆን 200 ትላለች። አንድ ጊዜ ሲጫኑት 199 ትሆናለች። በእያንዳንዱ ጭነት የሚወጣው 90 ማይክሮግራም አልቡተሮል ነው፤ አገር ቤት ሳልቡታሞል የምንለው ማለት ነው። ቁጥሩ ዜሮ ሲጠጋ ሕመምተኛው ወደ እኔ ይመጣል። ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ከሆነ አስሙ እንዳልተያዘለት ይገባኛል፤ ለሐኪሙ እደውላለሁ። የፋርማሲ ሥራ ነጭ ጋዋኑን ሲያወልቁት መቁጠር ነው።

ቬፕ የሚሉት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ሣጥኑ ላይ ቁጥር አለው። 5000 ፓፍ፣ 15000 ፓፍ ይላል። የአስሙ ላይ ቁጥሩ ገደብ ነው፤ የዚህኛው ምርቃት ነው።

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዝ ማዶ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር ነው። ለጉንፋን መድኃኒት የመጡ እናቶች ወረፋው ሲያጥር ቦርሳቸውን ከፍተው በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ያወጣሉ። "ዶክተር፣ ይሄ ከልጄ ጃኬት ኪስ የተገኘ ነው። ፍላሽ ነው አለኝ፤ እውነት ነው?" ይሉኛል። አሽትቱት እላቸዋለሁ። ፍላሽ ማንጎ ማንጎ አይሸትም።

የአንዱን ሆድ ከፍቼ አይቼዋለሁ። (እናንተ አትሞክሩት፤ ውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከተበሳ እሳት ይይዛል።) ከባትሪው ጎን በጣፋጭ ፈሳሽ የራሰ ጥጥ መሳይ ነገር በቀጭን ቱቦ ዙሪያ ተጠቅልሏል። ቱቦው መሐል እንደ ክር የቀጠነ ጥምዝ ሽቦ አለ። ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። አፍ ሲስብ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ክብ የሆነች ትንሽ መቆጣጠሪያ ያንን ታውቅና ለሽቦው ኤሌክትሪክ ትለቅለታለች። ሽቦው ወዲያው ይግላል፤ የነካው ፈሳሽ ይተናል። ትነቱ ከሽቦው ራቅ ብሎ ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ደቃቅ ጠብታ ይሆናል። ልጁ የሚስበውና የሚያቦነው ያንን ነው። የሲጋራ ጫፍ ሲሳብ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሬንጁም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም የሚመጣው ከዚያ ቃጠሎ ነው። እዚህ ቃጠሎ የለም። የቬፕ ጥቅም የሚባለው ሁሉ ከዚህች ነጥብ ይነሳል፤ ነጥቧም እውነት ናት።

"እንፋሎት ነው እንግዲህ። እኛስ ጉንፋን ሲይዘን በባሕር ዛፍ ቅጠል እንታጠን የለ?" ያሉኝ እናት ነበሩ። ልጃቸው ያስረዳቸው እንደዚያ ነው። የባሕር ዛፉ ውሃ ነው፤ ይሄ ፈሳሽ ግን በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው፤ እጅና ፊታችንን የምንቀባው ግሊሰሪን ራሱ። እሱ ላይ የጣዕም ቅመምና ኒኮቲን ይጨመራል። ቆዳ የቻለውን፣ ሆድ የፈጨውን ሁሉ ሳምባ ይችላል ማለት አይደለም። በ2019 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እዚህ አሜሪካ ጤነኛ የነበሩ፣ ቬፕ የሚስቡ ወጣቶች ሳምባቸው እየታፈነ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2807 ሰዎች ታክመዋል፤ 68ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተጠቀሙት ከመንገድ የተገዛ፣ የካናቢስ ዘይት ያለበት ዕቃ ነበር። ዋናው ተጠርጣሪ ሆኖ የተገኘው ደግሞ ዘይቱን ለማብዛት የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። ቫይታሚን ኢ እኔም መደርደሪያ ላይ በእንክብል አለ፤ ሰው ሲውጠው ይኖራል። ጥጡ ደርቆ ሽቦው ያለ ፈሳሽ ሲግል ደግሞ ግሊሰሪኑ ራሱ ይሰባበርና ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይወጣዋል። ተጠቃሚዎቹ "ተቃጠለ" የሚሉት ያን ጊዜ ጉሮሮ የሚልጥ ጣዕም ሲመጣ ነው።

መሣሪያው ከእኛው ሙያ ደጃፍ የወጣ መሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ጆሴፍ ሮቢንሰን የሚባል ሰው በ1930 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘበት ኤሌክትሪክ ማትነኛ ለመድኃኒት የታሰበ ነበር፤ መድኃኒቱ ይሞቃል፣ ሕመምተኛው ትነቱን ይስባል። በ1965 የፔንሲልቬንያው ኸርበርት ጊልበርት ጭስም ትምባሆም የሌለው ሲጋራ አስመዘገበ። የእሱ ሐሳብ ሰው ሞቅ ያለ፣ እርጥብ፣ ጣዕም ያለው አየር ቢስብ ይበቃዋል የሚል ነው፤ ኒኮቲን የለበትም። ገበያ ላይ ሳይውል ቀረ። በ2003 ግን ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ ፋርማሲስት ኒኮቲን ጨመረበት። ሆን ሊክ ራሱ አጫሽ ነበር፤ አባቱም በሳምባ ካንሰር ነው የሞቱት። ለማቆም የኒኮቲን ፓች ሞክሯል፤ አላረካውም። የመጀመሪያ ሥራው ፈሳሹን የሚያደቅቀው በአልትራሳውንድ ንዝረት ነበር፤ ኋላ ገበያውን የወረሰው ግን የጋለ ሽቦ ነው። ትልልቆቹ የትምባሆ ድርጅቶች በሌላ በኩል ትምባሆውን ራሱን ሳያቃጥሉ በኤሌክትሪክ ማሞቅ ሲሞክሩ ኖረው በ2014 አይኮስ የተባለውን ዕቃ ናጎያና ሚላን ላይ ለገበያ አወጡ። እሱ የሚሞቀው እስከ 350 ዲግሪ ነው። እኔ ፋርማሲ ድረስ ብዙ አይመጣም፤ ልለፈው።

ፓች ሆን ሊክን ያላረካው ለምን እንደሆነ ለማንም የሙያ ባልደረባዬ ግልጽ ነው። በቆዳ የሚገባ ኒኮቲን ደም ውስጥ በቂ ሆኖ እስኪገኝ ሰዓታት ይፈጃል፤ በሳምባ የገባው በሰከንዶች አንጎል ይደርሳል። ሱስን የሚያስረው ፍጥነቱ ነው። ፓቹ ቀርፋፋ መሆኑ ጉድለቱ አይደለም፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። 21 ሚሊግራሙን 6 ሳምንት፣ 14ቱን 2 ሳምንት፣ 7ቱን 2 ሳምንት፤ ከዚያ በቃ። የኒኮቲን ማስቲካውም ቢሆን ሥርዓት አለው። ከእንቅልፍህ በተነሣህ በ30 ደቂቃ ውስጥ ታጨሳለህ? ባለ 4 ሚሊግራሙን። ከዚያ ትቆያለህ? ባለ 2ቱን። መጨረሻ የሌለው የኒኮቲን ምርት በእኔ መደርደሪያ የለም።

አሁን የቬፑን ሣጥን አንሡ። ቀድሞ ፈሳሹ ላይ ኒኮቲን ሲበዛ ጉሮሮ ይቆነጥጥ ስለነበር ሰው ራሱ ይጠግብ ነበር። በ2015 ጁል የሚባለው ቬፕ ሲመጣ ኒኮቲኑ ላይ ቤንዞይክ አሲድ ተጨመረ፤ መቆንጠጡ ቀረ። ያ ሲቀር መጠኑን እስከ 5 ከመቶ ማውጣት ተቻለ። የአውሮፓ ኅብረት በሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ አይፈቅድም፤ እዚህ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። 10 ሚሊሊትር የሚይዝ፣ በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ያለበት ዕቃ እንውሰድ፤ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ሲባዛ 500 ሚሊግራም ነው። ከሁሉ የሚበረታው ፓች በቀን የሚሰጠው 21 ስለሆነ በአንድ ልጅ መዳፍ ውስጥ ወደ 24 ፓች የሚጠጋ ኒኮቲን አለ ማለት ነው። የሚስበው ሁሉ ደሙ ውስጥ አይገባም፤ ቢሆንም ሒሳቡን ለወላጅ በወረቀት ሠርቼ ሳሳይ ከምክሬ ሁሉ በላይ የሚሠራው እሱ ነው።

አንድ ጋሼ ደንበኛዬ አሉ። ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ነው የኖሩት፤ ከደርግ ዘመን ጀምሮ አጫሽ ነበሩ። ልጃቸው ቬፕ ገዝቶላቸው ሲጋራውን እርግፍ አድርገው ተዉ። ሳላቸው ቀለለ፤ የባለቤታቸው ንዝንዝም እንዲሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ አሁን በቀን ስንት ይሆናል?"

"እኔ ምኑን አውቄ ልጄ? ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ።"

"በሲጋራው ጊዜስ?"

"እሱማ አንድ ፓኮ። ሃያ። ፓኮው ይናገራል እኮ። አንዷም ብትሆን ትቃጠልና ታልቃለች፤ ለሌላው መለኮስ አለብህ፣ መውጣት አለብህ፣ ብርዱ አለ። ይሄ ምን አለው? መኪና ውስጥ እስበዋለሁ፣ አልጋ ላይ እስበዋለሁ።"

ኮሌጅ ያስተማሩኝ ከዚህ በተሻለ አላስረዱኝም። ሲጋራ ክፉ ቢሆንም ራሱን ይቆጥራል። ቬፕ ቃጠሎውን ሲያስወግድ ማለቂያውንም አብሮ አስወገደው።

በዚያው በ2019 እንግሊዝ አገር 886 አጫሾች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ግማሹ ቬፕ፣ ግማሹ እንደ ፓችና ማስቲካ ያሉ መድኃኒቶች ተሰጣቸው፤ ሁሉም ምክር አገኙ። ከዓመት በኋላ ሲጋራ ያቆሙት በቬፕ 18 ከመቶ፣ በመድኃኒቱ 9.9 ከመቶ ናቸው። ቬፕ አሸነፈ፤ ይህንን የሚደብቅ የጤና ባለሙያ ታማኝ አይደለም። ግን እዚያው ላይ አንድ መስመር ዝቅ ስትሉ ካቆሙት ውስጥ ዓመቱ ሲሞላ በቬፑ ላይ የቀሩት 80 ከመቶ፣ በመድኃኒቱ ላይ የቀሩት 9 ከመቶ እንደሆኑ ታያላችሁ። ቬፕ ከሲጋራ አውጥቶ ራሱ ጋ ያስቀራቸዋል።

ስለዚህ ለጋሼ "ወደ ሲጋራው አይመለሱ" ነው ያልኳቸው። ሁለቱን ማፈራረቅ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ጠዋት ቬፕ፣ ማታ ሲጋራ የሚል ሰው ያተረፈው ወጪ ብቻ ነው። ቀጥዬ ዕቃ በገዙ ቁጥር የጀመሩበትን ቀን ሣጥኑ ላይ በእስክሪብቶ እንዲጽፉ ለመንኳቸው። የፓኮውን ሥራ እስክሪብቶው ይሥራ ብዬ ነው። የኒኮቲኑን መጠን ብቻ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ሰውነት የለመደውን ለማግኘት አብዝቶ ይስባል። ቀኑ ከታወቀ በኋላ ወደ ፓች መሻገር ይቀላል፤ ፓች መውረጃ ደረጃ አለው። አሁን 14ቱ ላይ ናቸው። ባለቤታቸው እንደሚሉት ንዝንዙ ዞሮ ወደ ጋሼ መጥቷል።

ያንኑ ዕቃ የ16 ዓመት ልጅ ይዞት ሲመጣ መልሴ ሌላ ነው፤ እናቶች በዚህ ይናደዱብኛል። "ለጋሼ ፈቅደህ ለእኔ ልጅ ትከለክላለህ?" ይላሉ። ጋሼ ከሚገድል ነገር ወደሚያንስ ነገር ነው የመጡት። ልጁ ከየት መጣ? ከምንም። ገና እያደገ ባለ አንጎል ላይ ኒኮቲን ሲያርፍ የሚያስረው አስተሳሰር ከትልቅ ሰው የጠነከረ ነው። ልጁ መሣሪያውን ከተነጠቀ በኋላ ቢነጫነጭ፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ትምህርት አልገባ ቢለው ባለጌ ስለሆነ አይደለም፤ መድኃኒት ተቋርጦበት ነው። ቁጣው ይቆየውና መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

ሕጉ ምን ይላል የሚለኝም አለ። በአሜሪካ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ቬፕ መሸጥ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። በ2020 መጀመሪያ መንግሥት በሚቀያየረው የቬፕ ካርትሪጅ ላይ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሉትን ሲከለክል ተጠቅሞ የሚጣለውን ዓይነት ተወው፤ ሱቁን የሞላው ከዚያ ወዲህ እሱ ነው። ዲሲ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ጣዕም ያለውን ቬፕ ሁሉ ከልክላለች። ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲገባ ግን ማንጎው ተደርድሮ ይጠብቅ ነበር። በዚህ ረገድ አገር ቤት ቀድሞናል። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሺሻንም፣ ጣዕም ያለው ትምባሆንም፣ የኤሌክትሮኒክ ኒኮቲን ዕቃንም እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ትምባሆ ለመግዛትም 21 ዓመት ይጠይቃል። ለክረምት ስትሄዱ ለአክስታችሁ ልጅ ስጦታ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ነዳጅ ማደያና ትንንሽ ሱቅ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ትርፉ ከዚያ መደርደሪያ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ኪራዩንም አውቃለሁ። አትሽጡ ብዬ ልሰብክ አልችልም። መታወቂያ ግን ጠይቁ፤ የምታውቁት የጎረቤት ልጅ ሲሆን ይልቁን ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ቬፕ ካለ ደግሞ ከሕፃን እጅ አርቁት። ፈሳሹ ለመጠጥ የሚጋብዝ ሽታ አለው፤ ኒኮቲኑ ለሁለት ዓመት ልጅ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ልጅ ከቀመሰው ወይም ቆዳው ላይ ከፈሰሰበት እስኪያስመልሰው አትጠብቁ፤ በአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ነው። በነጻ፣ ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ በአስተርጓሚም ያነጋግራል። ልጁ ከወደቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ካስቸገረው ወደ 911 ደውሉ። ስትደውሉ ሣጥኑን በእጃችሁ ያዙ፤ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።